ከመካከለኛ ውጤት በኋላ፦ የኮሌጅ ምርጫ ታሪክ በጣና ዙሪያ

(በደልጊ ከተማ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለወላጆች የቀረበ ሕዝባዊ ገለጻ ሙሉ ቃል)



የታሪክ መምህር ስለሆንኩ ብዙ የምጠየቀው ጎርጎራ ላይ ስለነበረው የዐፄ ሱስንዮስ ከተማ ወይም ስለ ጎንደር ነገሥታት ይመስላችሁ ይሆናል። ውጤት በሚወጣበት ሰሞን ግን ወላጆች የሚያቀርቡልኝ ጥያቄ ሌላ ነው። «ልጄ ሰነፍ አይደለም፤ አንደኛ የሚወጣም አይደለም። ውጤቱ መሐል ላይ ነው። የት ባስገባው ይሻላል?» ይሉኛል። ጥያቄው ቀላል መስሎ ቢታይም የቤተሰብ ጥሪት ያለበት ጥያቄ ነው። ለኮሌጅ ክፍያ በሬ የሚሸጥ አባት አለ። መልስ ያጣ ልጅ ደግሞ መጽሐፉን ጥሎ የመተማን መንገድ ይይዛል፤ ለሰሊጥ አጨዳ እንደወጣም ድንበር ይሻገራል።

ዛሬ ይህን ጥያቄ በሙያዬ በኩል ልመልሰው እሞክራለሁ። ይህ የጣና ዙሪያ፣ ከጎንደር እስከ ባሕር ዳር፣ መካከለኛ ውጤት ላላቸው ወጣቶች አንድ ጊዜ በጣም ጥሩ፣ ሌላ ጊዜ በጣም ደካማ መልስ የተሰጠበት ምድር ነው። የእኔ ክርክር ባጭሩ ይህ ነው፤ እነዚህን ወጣቶች በደንብ ያገለገሉት ተቋማት ለታወቀ ችግር መፍትሔ እንዲሆኑ የተመሠረቱ፣ መለማመጃ ያላቸውና ወደ ላይ የሚያወጣ መሰላል ያልተነፈጋቸው ነበሩ። ያልጠቀሟቸው ደግሞ ከሌላ በር የተመለሰን ሰው ለመቀበል ብቻ የተከፈቱት ናቸው። ዛሬ ኮሌጅ የሚመርጥ ተማሪም በዚሁ ሚዛን ቢመዝን ይጠቀማል።

የአብነት ተማሪው ምርጫ

ከዘመናዊው ትምህርት በፊት እንጀምር። የአብነት ተማሪ ከንባብ ቤት ሲወጣ ወዴት እንደሚሄድ ይመርጥ ነበር። ቅኔ የፈለገ ወደ ዋሸራ፣ ወደ ጎንጅ ወይም ወደ ዋድላ ይሄዳል። ድጓ ለማስመስከር ወደ ጋይንት ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት ለመማር ወደ ዙር አምባ፣ አቋቋም ለመማር ወደ ጎንደር ይዘልቃል። ከእነዚህ ውስጥ «በጠቅላላው የሚበልጠው የትኛው ነው?» ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። የሚጠየቀው ምን ለመማር እንደሆነና መምህሩ ማን እንደሆኑ ነበር። ቅኔ መቁጠር የከበደው ተማሪ መልካም ድምፅ ካለው ዜማ ቤት ይገባል። እጁ የሰላለት ደግሞ ቁም ጽሕፈት ተምሮ ብራና እየፋቀ፣ መጽሐፍ እየጻፈና እየደጎሰ ይኖራል። አንዱን ያልቻለ ሰው በሌላው ሊቅ የሚሆንበት በር ነበረ።

ይህን ሥርዓት ግን ከነጉድለቱ እንየው። በአመዛኙ ለወንዶች ብቻ የተከፈተ ነበር፤ ተማሪው ቁራሽ እየለመነ የሚማርበት፣ ብዙዎችም በረኀብና በበሽታ የቀሩበት ነው። ከሁሉ በላይ የዕውቀቱ ክብር የእጅ ሥራን አላካተተም። በዚህ በጣና ዳር ደንገል እያሰረ ታንኳ የሚሠራውን የወይጦ ወገናችንን፣ በደምቢያና በጎንደር ዙሪያ ማረሻና ጀበና የሚሠሩትን ቤተ እስራኤላውያን ሕዝቡ በሥራቸው እየተጠቀመ በስማቸው ይሰድባቸው ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ባለሙያን በሥራው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዋጅ እስከማስነገር መድረሳቸው ንቀቱ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር ያሳያል። «ልጄ ቴክኒክና ሙያ ገባ ብዬ ለጎረቤት እንዴት እነግራለሁ?» የሚለው የዛሬው ወላጅ ጭንቀት ከዚሁ አሮጌ ምንጭ የተቀዳ ነው።

ጎንደር፣ 1947 ዓ.ም.

ወደ ዘመናዊው ትምህርት እንለፍ። በ1945 ዓ.ም. ገደማ ከዚህ ጎረቤታችን ከደምቢያ ሜዳ ላይ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን ጨረሰ። አገሪቱ በዚያን ጊዜ የነበሯት ሐኪሞች እጅግ ጥቂት ነበሩ፤ የሕክምና ፋኩልቲም አልነበራትም። ሐኪም እስኪወጣ መጠበቅ የማይቻል ስለነበር መንግሥት ከዓለም ጤና ድርጅት፣ ከዩኒሴፍና ከአሜሪካ የቴክኒክ ርዳታ ጋር ተባብሮ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከልን ከፈተ።

ኮሌጁ ሦስት ዓይነት ባለሙያዎችን ያሠለጥን ነበር፤ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና አጠባበቅ ሠራተኞችን። የመግቢያ ደረጃቸውም የሥልጠናቸው ርዝመትም የተለያየ ነበር። ሲሠለጥኑ ግን አብረው ነበሩ። በቡድን ሆነው እንደ ቆላ ድባ ባሉ የገጠር ጤና ጣቢያዎች ይሰማራሉ፤ መኮንኑ ያክማል፣ ነርሷ እናቶችን ትከታተላለች፣ የአካባቢ ጤና ሠራተኛው ምንጭ ያጎለብታል፣ የመጸዳጃ ጉድጓድ ያስቆፍራል። ሲመረቁም የሚሄዱበት ቦታ ተዘጋጅቶ ይጠብቃቸዋል።

አጭሩን ሥልጠና የወሰደውን «ሐኪም ያልሆነ ሰው» ብሎ የሚያጣጥል በጊዜው አልጠፋም። የገጠሩ ሕዝብ ግን ሐኪሙን ያየው በእነሱ ነው። ኮሌጁ ራሱ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከላይፕሲክ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ ሐኪም ወደሚያወጣ ተቋም አደገ፤ ዛሬ የምናውቀው የጎንደር ዩኒቨርሲቲም ሥሩ እዚያ ነው። የጤና መኮንን ሥልጠናው ለዓመታት ተቋርጦ ቢቆይም በኋላ ተመልሶ ተጀምሯል፤ የገጠሩ ጤና ያለ መካከለኛ ባለሙያ እንደማይቆም ታይቷልና።

ባሕር ዳር፣ 1955 ዓ.ም.

ሁለተኛው ምሳሌ ከሐይቁ ማዶ ነው። የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት በኢትዮጵያና በሶቪየት ኅብረት ስምምነት በ1955 ዓ.ም. ተቋቋመ። ዓላማው የመካከለኛ ደረጃ ቴክኒሺያኖችን ማፍራት ነበር፤ በግብርና መካኒክ፣ በኢንዱስትሪ ኬሚስትሪ፣ በጨርቃ ጨርቅ፣ በኤሌክትሪክ፣ በብረታ ብረትና በእንጨት ሥራ።

እነዚህ ሙያዎች ለምን ተመረጡ ብለን ብንጠይቅ መልሱን ከከተማዋ እናገኘዋለን። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በ1953 ዓ.ም. ገደማ ሥራ ጀምሯል። የጢስ ዓባይ የኃይል ማመንጫ በ1956 ዓ.ም. ገደማ ብርሃን መስጠት ጀምሯል። ትምህርት ቤቱ፣ ፋብሪካውና ማመንጫው በአንድ ዘመን፣ በአንድ ከተማ ውስጥ ተነሡ። ጨርቃ ጨርቅ የተማረ ልጅ የሚሽከረከረውን መኪና ከመስኮቱ ሊያይ በሚችልበት ርቀት ይማር ነበር።

በ1965 ዓ.ም. ደግሞ በመንግሥት፣ በዩኔስኮና በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ትብብር የተመሠረተው የባሕር ዳር የፔዳጎጂ አካዳሚ ሥራ ጀመረ። እሱም ለታወቀ ችግር የተከፈተ ነበር፤ ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የመምህራን አሠልጣኞችና ሱፐርቫይዘሮች አልነበሩምና። ሁለቱ ተቋማት ተዋሕደው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በይፋ የተመረቀው ሚያዝያ 28 ቀን 1992 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ዛሬ ተማሪው «ዩኒቨርሲቲ ካልሆነ» እያለ የሚመኛቸው የጎንደርና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች ሁለቱም የተወለዱት ከመካከለኛ ሥልጠና ነው።

መሰላል የሌለው መንገድ

መካከለኛው መንገድ ይህን ያህል ፍሬ ካፈራ ስሙ ለምን ጠፋ? ሁለት ጊዜያትን ልጥቀስ።

የመጀመሪያው በ1960ዎቹ አጋማሽ የሆነው ነው። በ1964 ዓ.ም. የተጠናቀቀው የትምህርት ዘርፍ ጥናት አብዛኛው ሕፃን ለአጭር ጊዜ መሠረታዊና ተግባራዊ ትምህርት ተምሮ ወደ ሥራ እንዲሄድ፣ ጥቂቶች ብቻ ወደ ላይ እንዲቀጥሉ የሚል ሐሳብ አቀረበ። በወረቀት ላይ ምክንያት ነበረው፤ የአገሪቱ ገንዘብ ሁሉንም አያስተምርም። መምህራንና ወላጆች ግን የተረዱት በሌላ መንገድ ነው፤ የደሃው ልጅ እርሻው ላይ ይቅር፣ የባለሥልጣኑ ልጅ ይማር ማለት ነው አሉ። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የመምህራን የሥራ ማቆም አድማ ሲነሣ ከጥያቄዎቹ አንዱ ይህ ዕቅድ እንዲቀር ነበር፤ መንግሥትም ተግባራዊነቱን ለማቆም ተገደደ። ተቃውሞው የእጅ ሥራን ከመናቅ ብቻ የመጣ ነው ብንል እንሳሳታለን። ሰዎቹ ያስቆጣቸው መሰላሉ መነሣቱ ነው። አጭር ትምህርት የመጨረሻ ትምህርት እንዲሆን የተፈረደበት ሰው ያንን እንደ ዕድል ሊቀበል አይችልም።

ሁለተኛው ከ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ በኋላ የመጣው ነው። ከዚያ በፊት እኔም የተፈተንኩት ማትሪክ ነበር፤ የአምስት የትምህርት ዓይነቶች ውጤት ተደምሮ ከ4.0 ይታሰባል። 2.0 ያመጣ «አልፏል» ይባላል፤ ቦታ ግን አያገኝም፤ ትክክለኛው የመግቢያ ነጥብ በዓመቱ ባለው ወንበር ይወሰን ነበርና። በአዲሱ ሥርዓት የአሥረኛ ክፍል ፈተና መጣ። ወደ መሰናዶ የሚያስገባ ነጥብ ያላመጣ ተማሪ በ10+1፣ በ10+2 ወይም በ10+3 ወደ ቴክኒክና ሙያ ይመደብ ጀመር። የፖሊሲው ሐሳብ ለኢኮኖሚው የሰለጠነ ሰው ማፍራት ነበር፤ የጀርመንን ልምድ በመከተልም ሠልጣኙ ከፊል ጊዜውን በድርጅት ውስጥ እንዲለማመድ ታሰበ። ሆኖም በጀርመን ሠልጣኙን ተቀብሎ የሚያሠለጥነው ብዙ ፋብሪካና ወርክሾፕ አለ፤ እኛ ዘንድ ኮሌጁ ተከፍቶ ድርጅቱ አልነበረም። በተማሪውና በወላጁ ዘንድ የተቀረጸው መልእክት አንድ ሆነ፤ እዚያ የሚሄደው የወደቀ ነው። የአሥረኛ ክፍል ፈተና ከቀረ በኋላም ስሙ አልተፋቀም።

በዚያው ዘመን ግን ተቃራኒ ምሳሌ አለን። በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም አሥረኛ ክፍል ያጠናቀቁ ወጣት ሴቶችን ከየቀበሌያቸው መርጦ ለአንድ ዓመት አሠለጠነ፤ ሁለት ሁለት አድርጎም በየቀበሌው መደባቸው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቁጥራቸው ከ30,000 በላይ ሆነ። ብዙዎቹ መሰናዶ ያልገቡ ነበሩ። ክትባትን፣ የቤተሰብ ዕቅድን፣ የወባ አጎበርን እስከ ገበሬው ደጃፍ ያደረሱት እነሱ ናቸው። ቅሬታቸውም የሚያስተምረን ነገር አለው፤ ለረጅም ጊዜ ዋናው ጥያቄያቸው ደረጃ ማሻሻል ነበር። ወደ ደረጃ አራት የሚያሳድግ ሥልጠና ሲከፈትላቸው በርካቶቹ በሥራ ላይ ሆነው ተማሩ። እዚህም ጉዳዩ የመሰላል ነው።

የዛሬው «መካከለኛ» ማን ነው?

አሁን ወደ ዘመናችን ደርሰናል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ተሰጠ፤ የማለፊያው ነጥብም 50 በመቶ ሆነ። ከ896,520 ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ነበሩ፤ 3.3 በመቶ መሆናቸው ነው። ከ1,000 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በቀጣዩ ዓመት 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ አለፉ።

እነዚህን ቁጥሮች በጥንቃቄ እንያቸው። ከመቶ ተማሪዎች ከ90 በላይ የሚሆኑት ከመስመሩ በታች ከሆኑ «መካከለኛ ተማሪ» የምንለው ሰው በስሌት ከወደቁት መካከል ነው። በማትሪክ ዘመን መካከለኛው «አልፎ ቦታ ያጣ» ነበር፤ ዛሬ «ያላለፈ» ይባላል። ስያሜውን የሚሰጡት የፈተናው አሠራር፣ የወንበሩ ብዛትና የትምህርት ቤቱ ይዞታ ጭምር ናቸው። ቤተ ሙከራ በሌለበት ፊዚክስ የተማረ፣ በክልላችን በደረሰው ግጭት ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ የከረመበት ልጅ ያመጣው ነጥብ የአእምሮው ልክ ሆኖ ሊነበብ አይገባም። ይህን የምለው ፈተናውን ለማጣጣል አይደለም፤ ኩረጃን መግታቱ ተገቢ ነበር። ነጥቡ የሚነግረን ተማሪው ዛሬ ያለበትን ቦታ ነው፤ እስከ የት እንደሚደርስ አይነግረንም።

አራት ጥያቄዎች

መካከለኛ ውጤት ላለው ተማሪ ያሉት በሮች የሚታወቁ ናቸው። ለማለፊያው የቀረቡት በዩኒቨርሲቲ የአቅም ማሻሻያ ትምህርት ተምረው እንደገና የሚመዘኑበት ዕድል አለ፤ ብዙው ሰው ሬሜዲያል የሚለው ነው። በግል ተመዝግቦ ፈተናውን ደግሞ መውሰድ አለ። የፖሊቴክኒክ፣ የጤና ሳይንስ፣ የግብርናና የመምህራን ትምህርት ኮሌጆች አሉ። የግል ኮሌጆችም አሉ። የመግቢያ መስፈርቱ በየዓመቱ ስለሚወሰን የዓመቱን ማስታወቂያ ማንበብ ግድ ነው። ከምርጫው በፊት ግን ታሪኩ ያስተማረንን አራት ጥያቄ እንጠይቅ።

አንደኛ፤ ይህ ሥልጠና የማንን ችግር ይፈታል? የጎንደሩ ኮሌጅ መልሱ ወባ ነበር። የደልጊ ልጅ ዙሪያውን ቢያይ ችግር አያጣም። የውኃ መሳቢያ ሞተር የሚጠግን ሰው ሲጠፋ የመስኖው ሽንኩርት ይደርቃል። የዓሣው ምርት ማቆያ በማጣት ይበላሻል። ከብቱ የእንስሳት ሐኪም ይፈልጋል፤ እምቦጭ የወረረው ዳርቻም ባለሙያ ይሻል። ትምህርት የመረጠ ተማሪ የአካባቢውን ሥራ ብቻ እንዲሠራ ማንም አይገድበውም፤ ነገር ግን የሚቀጥረውን ወይም ሥራውን የሚገዛውን ሰው በስም መጥራት ካልቻለ ገና አልመረጠም ማለት ነው።

ሁለተኛ፤ መለማመጃው የት ነው? የቆላ ድባ ጤና ጣቢያና የባሕር ዳር ፋብሪካ የሥልጠናው ግማሽ ነበሩ። ኮሌጁን በአካል ሄዳችሁ እዩ፤ ወርክሾፑን አስከፍቱ፤ ማሽኑ አቧራ ለብሶ እንደሆነና እንዳልሆነ ተመልከቱ። ተለማማጆቹን የሚቀበለው የትኛው ድርጅት እንደሆነ ጠይቁ። ካለፈው ዓመት ሠልጣኞች ስንቱ የብቃት ምዘናውን እንዳለፉ፣ በዲግሪ ፕሮግራም ከሆነም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠውን የመውጫ ፈተና ስንቱ እንዳለፉ በትምህርት ክፍል ለይተው እንዲነግሯችሁ ጠይቁ። መልሱን የሚሸሽ ተቋም መልስ ሰጥቷል።

ሦስተኛ፤ መሰላሉ አለ ወይ? ከደረጃ ሦስት ወደ ደረጃ አራትና አምስት፣ ከዚያም ወደ ዲግሪ የሚወስደው መንገድ ክፍት መሆኑን ሳትመዘገቡ በፊት በጽሑፍ አረጋግጡ። የ1966ቱ ቁጣ ያስተማረን ይህን ነው።

አራተኛ፤ ፈቃዱ ለምን የተሰጠ ነው? የግል ከፍተኛ ትምህርት ተቋም የእውቅና ፈቃድ የሚሰጠው ለየትምህርት መስኩና ለየካምፓሱ ነው። አንድ ኮሌጅ በአካውንቲንግ ፈቃድ ስላለው በነርሲንግ አለው ማለት አይደለም፤ በአንድ ከተማ ስላለው በሌላው አለው ማለትም አይደለም። የከፍተኛ ትምህርቱን ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን፣ የቴክኒክና ሙያውን ከክልሉ ሥራና ሥልጠና ቢሮ ማጣራት ይቻላል። በሬው ከመሸጡ በፊት ይህ ይቅደም። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንዲሉ፣ በመስከረም ጥድፊያ የተከፈለ ገንዘብ ሲመለስ አይታይም። ክፍያውንም ስታሰሉ የቤት ኪራዩንና የምግቡን ጨምሩበት፤ ብዙ የደልጊ ልጅ ትምህርቱን የሚያቋርጠው በክፍያው ሳይሆን በኪራዩ ነው።

ለባልደረቦቼ አንድ ቃል

የመጨረሻው ቃሌ ለእኛ ለዩኒቨርሲቲ መምህራን ነው። ተማሪውን «በጥንቃቄ ምረጥ» ማለት ብቻውን አይበቃም። አራቱም ጥያቄዎች ጥሩ መልስ የሚያገኙበት ኮሌጅ በየአካባቢው ከሌለ ምክራችን ባዶ ነው። መሰላሉን የመዘርጋት ሥልጣን በከፊል በእጃችን ነው፤ ከኮሌጅ የመጣውን ሠልጣኝ ቀድሞ የተማረውን ቆጥረን መቀበል፣ ወርክሾፓችንን ለጎረቤት ኮሌጅ ማካፈል፣ የማታና የክረምት መርሐ ግብሮቻችንን በሥራ ላይ ላለ ባለሙያ እንዲመቹ ማድረግ እንችላለን። የምንሠራባቸው ዩኒቨርሲቲዎች ሥራቸውን የጀመሩት ነርስና ቴክኒሺያን በማሠልጠን መሆኑን ከረሳን የራሳችንን ታሪክ ረሳን ማለት ነው።

ለእናንተ ለተማሪዎች የምለው አጭር ነው። በውጤት ወረቀታችሁ ላይ ያለው ቁጥር የት መጀመር እንደምትችሉ ይነግራችኋል። ስለዚህ የምትጀምሩበትን በር ስትመርጡ የበሩን ቁመት ትታችሁ ከበሩ በስተጀርባ ደረጃ መኖሩን ተመልከቱ።

አሁን ጥያቄ ያላችሁ ዕድሉ የእናንተ ነው፤ ከተማሪዎቹ ብንጀምር ደስ ይለኛል።